ዘጠኝ ቁጥር ላይ ምንም አትክፈት

ሽታው፣

ወልድያ ሥራ አግኝቼ መሄዴ ነው። የበሩ ቁልፍ አከራያችን እትዬ እናትነሽ ጋ አለልህ።

የኮምፒውተራችንን ሊኑክስ የመስኮት አደራደር ወደ ድሮው አልመለስኩትም። የምትከፍታቸው ፕሮግራሞች መስኮቶች ራሳቸው ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ በማውስ አትጎትታቸው። ትለምደዋለህ።

የቀየርኩት አንተ አምባሰል በሄድክበት ሰሞን ነው፤ ስትመለስ ሥራ እንዲቀልህ ብዬ። እናትህ ማረፋቸውን በኋላ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።

ከመጣህ ወዲህ የከፈትከውን ሁሉ መልሰህ ስትዘጋ፣ "ምን ያዘጋሃል፣ ቦታ አልጠበበህ!" ብዬ ጮህኩብህ። አንተ መዝጋትህን ቀጠልክ።

ትናንት ከኋላህ ቆሜ አየሁ። ለካ መስኮቶቹ ስክሪኑን ሞልተው ከጀርባቸው ያደረግከውን የእናትህን ፎቶ ሸፍነውብህ ኖሯል።

አሁን የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከዘጠኝ ቁጥር ጋር ተጫን። ባዶ ገጽ ይመጣል። እዚያ ምንም አትክፈት፤ እሳቸው ብቻ ይሁኑበት።

እኔንም "ልጄ" ነበር የሚሉኝ።

ጎህ ሲቀድ መርዶውን ሲነግሩህ አጠገብህ ተኝቼ ነበር። ብትቀሰቅሰኝ ምን ነበረበት?

ለአርባቸው ሳትጠራኝም እመጣለሁ።

ሙዘይን