አቶ እሱባለውና የሠርጋቸው ወረቀት

አቶ እሱባለው ገብረመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ገብረመስቀል ወንዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅዬ እንግዳው በ1968 ዓ.ም. ኩልመስክ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1985 ዓ.ም. ወደ ላሊበላ በመምጣት፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ የእንግዶችን ጫማ መጠበቅ ጀመሩ። ከዚያ ሁሉ ጫማ አንድ ቀን እንኳ የአንዱን ለሌላው ሰጥተው አያውቁም።

በዚያን ዘመን ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የቀን ገቢያቸው አረቄ ቤት ያልቃል። ኮንዶም ሲታደል ይቀበላሉ፤ ከአረቄ ቤቱ ሴቶች አንዷን ከለመዷት በኋላ ግን መጠቀሙን እንደ ነውር ቆጥረው ይተዉታል። ከአምስቱ ሁለቱ ከስተው ወደ አገራቸው ገቡ፣ ሞታቸውም ተሰማ። የበሽታውን ስም የጠራ አልነበረም። አቶ እሱባለው ፈሩ፤ ፍርሃታቸውን የነገሩት ለታናሽ ወንድማቸው ለዘመኑ ብቻ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውባንቺ ጋር ሊጋቡ ሲሉ የንስሐ አባታቸው የሁለቱንም የደም ምርመራ ወረቀት ጠየቁ። ወይዘሮ ውባንቺ ደማቸውን ሰጡ። በአቶ እሱባለው ስም ገብቶ ክንዱን የዘረጋው ግን ዘመኑ ነበር። ወረቀቱ “ነጻ” ብሎ መጣ፤ ሠርጉም ደመቀ፤ ዘመኑም አንደኛ ሚዜ ሆነ።

በ1998 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊት ተወለደች፤ እግዚአብሔር ጠብቋት ከቫይረሱ ነጻ ናት። ወይዘሮ ውባንቺ ወረቀቱን አምነው ስለነበር፣ ሲታመሙ መመርመርን አላሰቡም። በ2003 ዓ.ም. አረፉ። በቀብራቸው የተነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው ዘመኑ “ባደረባቸው ሕመም” ብሎ አለፈው።

አቶ እሱባለው ከዚያ በኋላ ተመርምረው መድኃኒታቸውን አንድ ቀን ሳያጓድሉ ወሰዱ። የባለቤታቸውን ጫማ ግን ከበራፋቸው አላነሱም። ለጫማ ጥበቃ አዲስ የሚመጣውን ወንድ ሁሉ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ይወስዱት ነበር። ውጤቱን አይጠይቁም፤ ደሙ ከራሱ ክንድ ሲቀዳ ግን ቆመው ያያሉ።

በጉበት ሕመም ሲዳከሙ ወንድማቸውን ጠርተው፣ “ለሷ ያጎደልከውን በኔ ሙላው። ጽሑፉን ለሌላ ሰው አትስጥ፤ አንተው አንብበው” አሉት። ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ።

አቶ እሱባለው የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ዳግማዊት ይህን ጽሑፍ ከሁላችሁ ቀድማ አንብባው ከውስጡ አንድ ቃል አላስወጣችም። ዘመኑ አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው ነው።

እግዚአብሔር የአቶ እሱባለውን ነፍስ ይማር። እውነቱ ሳይነገራቸው የተቀበሩትን የወይዘሮ ውባንቺንም ነፍስ በቅዱሳኑ ዕቅፍ ያኑርልን። ለዘመኑ የሚጸልይ ካለ ይጸልይለት።