«ቶሎ ና» የሚለው እንስራ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ልጄ ማርታ ከሥራ ስወጣ በመኪናዋ ፒክ አደረገችኝና ሊንደን ከተማ ያለው ቤቷ ወሰደችኝ። ጋራዧ ውስጥ የሠራችውን ትንሽ እንስራ ልታሳየኝ ነው። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ነገ እሳት ይገባል። ዙሪያውን እውነተኛ ሣር እየተጫነች አትማበታለች፤ የእናቷ አገር ሜዳ መሆኑ ነው። ከሥሩ ደግሞ ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔ ካርቱም ሳለሁ ከገጠር ከላከችልኝ ደብዳቤ ወስዳ፣ የእናቷን እጅ ጽሑፍ አስመስላ «ሜዳው ለምልሟል፣ ቶሎ ና» ብላ ቀርጻበታለች።

ክው አልኩ።

«አባ፣ አልወደድከውም?»

«የሞተ ሰው ና ሲል ጥሩ አይደለም፣ ልጄ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባ! ሌተር እኮ ነው። እሺ፣ ‹ቀስ ብለህ ና› ብዬ ፊክስ ላድርገው?» ብላ ሳቀች።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ያኔ ይህንኑ ቃል አንብቤ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ከእንስራው ራቅ አልኩ።

«አጥፊው» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። አውራ ጣቷን ውሃ ነክራ አሸችው። መጀመሪያ «ቶሎ» ጠፋ፣ ከዚያ «ና»። የአስካለን አፍ በእጄ የከደንኩ መሰለኝ።

ቤቴ ገብቼ እንደ ልማዴ ለጸሎት ቆምኩ። ከሞተች ጀምሮ «ጌታዬ፣ ከአስካለ ጋር አገናኘኝ» ሳልል ቀርቼ አላውቅም። ዛሬ እዚያ ጋ ስደርስ ግን፣ እግዜር እንዳይሰማኝ ፈርቼ ዘልዬው አለፍኩ።