እምቢ ያልሽበት ቀን

ውድ አስናቁ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዘንድሮ አምቦ ላይ ዝናቡ በርትቷል፤ የሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ እቤት ድረስ ይሰማል። የጓሮውን አጥር አሳደስኩት። ልጃችን ሌንሴ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ሴት ናት፣ ስትቆጣ ግንባሯን የምትቋጥረው ልክ እንዳንቺ ነው። ጎረቤታችን አዴ ብርቄ በየጠዋቱ «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቶሎሳ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቁኝ አያልፉም። መልሴን ቆመው ይጠብቃሉ፤ ማደሬን የሚያረጋግጡ ይመስለኛል።

ነርስ ሆነሽ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጆ ከተማ ስትመደቢ እኔ እዚያ አስተማሪ ነበርኩ። ያ ብርድ! ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበሽ በሽተኛ ስታዪ አይቼ ነው የወደድኩሽ። ኦሮምኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ያስተማሩሽ ምጥ ላይ የነበሩ እናቶች ናቸው። አምቦ ከተዛወርን በኋላም ቤታችን በሁለት ቋንቋ የሚጣላ፣ በሁለት ቋንቋ የሚታረቅ ቤት ሆነ።

በሽታው መጀመሪያ የወሰደብሽም ያንኑ ኦሮምኛ ነው። አዴ ብርቄ ሲያዋሩሽ ፈገግ ብለሽ ዝም ማለት ጀመርሽ። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ መጥተሽ፣ ቦርሳሽን እንኳ ሳታስቀምጪ፣ «ቶሌ፣ ዛሬ ለአንድ ሕፃን የወሰደውን ክትባት ልደግምበት ነበር። ከነገ ጀምሮ መርፌ አልይዝም» አልሽኝ። ማንም ሳያባርርሽ፣ ማንም ሳያውቅብሽ ሥራሽን ተውሽ። እኔ ድካም ነው አልኩ። አንቺ ግን ገብቶሽ ነበር።

አዲስ አበባ የመረመረችሽ ሐኪም የበሽታው ስም አልዛይመር እንደሆነ፣ የሚያድነው መድኃኒትም እንዳልተገኘ ነገረችን። በሌላ ቀጠሮ ደግሞ ገና በሙከራ ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት መኖሩንና ፈቃደኛ ሰዎች እንደሚፈለጉ አጫወተችን። ምንም አልደበቀችንም። «አሁን የምንፈትሸው መድኃኒቱ ማዳኑን አይደለም፤ ሰው አለመጉዳቱን ነው። ለእርስዎ ምንም ላይጠቅም ይችላል። ሊጎዳዎትም ይችላል» አለችሽ።

ሌንሴ ስትሰማ እሳት ሆነች። «እማዬ የመሞከሪያ አይጥ ናት እንዴ?» አለች። አንቺ አልተቆጣሽም። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስሰጥ የኖርኩት መድኃኒት ሁሉ መጀመሪያ የተሞከረበት ሰው አለው። ስሙን አላውቀውም፤ ግን አለ። አሁን ተራው የኔ ቢሆን ምን ይገርማል?»

ሐኪሟንም ያኔ ለእኔ ያልታየኝን ጠየቅሻት። «አእምሮዬ ሲደክም ማንን ልትጠይቁ ነው?»

«ባለቤትዎን።»

«እሱን ብቻ?»

«የለም፣ እርስዎንም በየጊዜው እንጠይቃለን።»

ወደ እኔ ዞርሽ። «ቶሌ፣ እምቢ ካልኩ፣ ምክንያቱን መናገር ቢያቅተኝም፣ የምዘባርቅ ቢመስልህም፣ እምቢታዬ እምቢታ ነው። ማልልኝ።» ማልኩልሽ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

እናም ፈቅደሽ ፈረምሽ፤ በየወሩ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ መመላለስ ጀመርን። ጊንጪ ስንደርስ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስድሽና ትከሻዬ ላይ ትተኚ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ደም ይቀዱሻል፣ ግፊትሽን ይለካሉ፣ ከዚያ መድኃኒቱ በክንድሽ በጠብታ ይገባል። መርፌውን የምትሰካውን ወጣት ነርስ «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» እያልሽ የምታበረታቻት አንቺ ነበርሽ።

ከዚያ ደጉ ጊዜ መጣ። አንድ ጠዋት የአዴ ብርቄን ሰላምታ በኦሮምኛ መለስሽ፤ ሴትዮዋ እዚያው አጥሩ ሥር ቆመው አለቀሱ። ወንጪ ሐይቅ ወሰድኩሽ፤ ጀልባ ላይ ተቀምጠን ጎጆ መጀመሪያ ያዋለድሻትን እናት ከነስሟ አነሳሽልኝ። ከጀልባው እስክንወርድ ስለ እሷ አወራሽኝ። ነፋሱ ነጠላሽን እያነሳው ስትስቂ እንደ ድሮሽ ነበርሽ። ተመለሰችልኝ አልኩ። ሌንሴም ተመለሰችልን አለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትቀርብሽ ክንድሽን ወደ ደረትሽ ሰበሰብሽ። «እምቢ» አልሽ። ነርሷ ጠበቀችሽ። ቀስ ብላ ደግማ ጠየቀችሽ። «እምቢ።» ለምን ስትባዪ ክንድሽን ይበልጥ ወደ ደረትሽ አጠበቅሽው።

አብራን የመጣችው ሌንሴ ወደ ኮሪደሩ ጎትታ አወጣችኝ። ያች መጀመሪያ አይሆንም ያለችው ልጅሽ አሁን እጄን ይዛ ትለምነኝ ጀመር። «አባዬ፣ የምትለውን አታውቀውም እኮ! እየተመለሰችልን ነው። እባክህ፣ አባብላትና ትውሰድ።» አስናቁ፣ የኔም ልብ የሚለው ያንኑ ነበር። ብታቆሚ ዳግመኛ እንደማጣሽ ታውቆኛል። ቃሉን ግን የሰጠሁት ለአንቺ ነው። ተመልሼ ገባሁና «አልፈለገችም፤ ይብቃ» አልኩ።

ሐኪሟ አልተከራከረችኝም። ዓይንሽን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና «ከመሄዳችሁ በፊት ጭንቅላቷን በኤም አር አይ መሣሪያ ብናየው ደስ ይለኛል» አለች። አንቺንም ጠየቀችሽ፤ በእሺታ ራስሽን ነቀነቅሽ። አንጎልሽ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ሕመም ይኑርሽ አይኑርሽ መናገር አልቻልሽም ነበር፤ ሰውነትሽ ግን አውቆታል። «ዛሬ ጨምረን ብንሰጣት ኖሮ በጣም ልትጎዳ ትችል ነበር» አለችን። በዚያው ሳምንት የሌሎቹም ፈቃደኞች መድኃኒት ቆሞ ሁሉም ተመረመሩ። ሌንሴ ያን ቀን እግርሽ ሥር ቁጭ ብላ ጉልበትሽን አቅፋ አለቀሰች። አንቺ ፀጉሯን እየዳበስሽ «ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?» ትያት ነበር።

እብጠቱ ጠፋ። መርሳቱ ግን ተመለሰ፣ እየባሰም ሄደ። ስሜ ጠፋብሽ፤ «ጋሼ» ትዪኝ ጀመር፣ በትሕትና፣ እንደ እንግዳ። ሳጎርስሽ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ትዪኛለሽ። በመጨረሻ የሳንባ ምች ወሰደሽ፤ እጅሽ እጄ ውስጥ ነበር። ያ ደጉ ጊዜ የመድኃኒቱ ሥራ ይሁን አይሁን ሐኪሟም አታውቅም። እኔም መጠየቅ ትቻለሁ፤ ብቻ ኖረነዋል።

በቅርቡ ሐኪሟ ደወለችልኝ። መጠኑን ቀንሰው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰዎቹን ጭንቅላት በኤም አር አይ በየጊዜው እያዩ፣ ሙከራውን እንደገና ሊጀምሩት ነው። ለአዲሶቹ ቤተሰቦች እንዳጫውታቸው ለምናኝ ሄድኩ። እናቱን ይዞ ከሐሮ ወንጪ ቀበሌ የመጣ ሰውዬ፣ «ኦቦ ቶሎሳ፣ እንዴት አስችሎህ ፈቀድክ?» አለኝ። «የፈቀደችው እሷ ናት። ያስቆመችውም እሷ ናት። የኔ ሥራ መስማት ነበር» አልኩት። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ዞሮ ዓይናቸውን እያየ ፈቃዳቸውን በኦሮምኛ ጠየቃቸው፤ መልሳቸውን ለመስማትም ጎንበስ አለ።

በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲያነሱሽ ነርስነትሽን ያወሩና በቀጥታ ወደ ቀብርሽ ያልፋሉ። ለክብርሽ ብለው ነው፤ አልቀየማቸውም። እኔ ግን መካከሉን አልዘለውም። ቋንቋ የጠፋባትን፣ ጋሼ ያለችኝን፣ ምክንያቱን ሳታውቅ ክንዷን ሰብስባ እምቢ ያለችውን አስናቀችን እስትንፋሴ እስካለ አስታውሳታለሁ። ሚስቴ እሷም ነበረች።

ያንቺው ቶሎሳ