የሐይቃችን አምስት ምርጥ ቦታዎች

ውድ ወንድሜ ሾጎ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስድስት ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ ከርመህ፣ «ቺዙዬ፣ ለምሠራበት የጉዞ መጽሔት የሐይቃችንን አምስት ምርጥ የካያክ ጀልባና የፓድልቦርድ ጣውላ መቅዘፊያ ቦታዎች ጻፊልኝ፤ አጠር ያለ፣ ደስ የሚል ይሁን» ብለሃል። «ደህና ነሽ ወይ» የሚል ፍለጋ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ባዶ ነው። ይሁን፣ ልጻፍልህ።

አንደኛ፣ ከቤተ መቅደሱ ቀይ በር ፊት ለፊት ያለው ሸምበቆ ዳር። ውሃው ከወገብ አያልፍም፤ ጣውላ ላይ ቆሞ መቅዘፍ ለሚማር ሰው ከዚያ የሚሻል የለም። አንተንም አባባ ያስተማረህ እዚያ ነው። በወደቅህ ቁጥር «ጣውላው ነው ያዘነበለው» ትል ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር። ሰዓት፦ እስከ ቀትር።

ሁለተኛ፣ ፍል ውሃው በአሸዋው ሥር የሚወጣበት ዳርቻ። አንባቢዎችህ ካያካቸውን ወደ ዳር ስበው፣ እግራቸውን አሸዋው ውስጥ ቀብረው የያዙትን ሩዝ ይብሉ። ሰዓት፦ ቀኑን ሙሉ።

ሦስተኛ፣ ከጥቁሩ ገደል ሥር፣ ለካያክ ብቻ። ሰዓት፦ እስከ ረፋዱ አራት።

ሰዓት መጻፌ አናደደህ አይደል? አባባ በጀልባ ማከራያ ቤታችን ሰሌዳ ላይ ከየቦታው ስም ጎን በጠመኔ ሰዓት ይጽፍ ነበር፤ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ቀጠሮ እንደሚያከብር ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ስለሚመጣ። እሱ ባረፈ በሁለተኛው በጋ ሰዓቶቹን በሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግካቸው። «አንቺ ደግሞ አታካብጂ፤ ሰዓት ያየ ደንበኛ ተመልሶ ይሄዳል። ነፋሱን እኔ አየዋለሁ» አልከኝ። አላየኸውም።

አራተኛ፣ ከደሴቷ ጀርባ ያለው ጠባብ የውሃ መተላለፊያ። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፣ መዋሸት አልችልም። በአባባ ሰሌዳ ቢሆን «እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ይል ነበር። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አቶ ኩማጋይ ግን በእኛ ጣውላ ወደዚያ የቀዘፉት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ባለቤታቸው የሻይ ፔርሙዝ ታቅፈው ዳር ላይ ይጠብቁ ነበር። አስከሬናቸውን ያገኘነው በማግሥቱ ነው።

ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ጨርቁን የያዘው ሰው ነው። እማማ ግን ወጥ ቤት ጠራችኝና፣ «አንቺ ነገ አግብተሽ የባልሽን ስም ትይዣለሽ፤ ወንድምሽ ግን የቤታችን ስም ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ በያቸው» አለችኝ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ትሰማለህ። የካልሲህን ጫፍ ታይ ነበር።

ለይቅርታ የሚወሰደውን የቀይ ባቄላ ጣፋጭ በካርቶን ይዤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ወይዘሮ ኩማጋይ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ደፍቼ «ሰዓቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ካርቶኑን አልነኩትም። በሳምንቱ መንደሩ ሁሉ ሰማ፤ አንተ ሳፖሮ ከተማ ገባህ። ሊያገባኝ የጠየቀኝ አንድ ሰው ነበር፣ እናቱ ወሬው ሲደርሳት ቀረ። ይኸው አርባ ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም በቤታችን ስም ኦሳናይ ነኝ። የቤቱን ስም እንዳድን ተላክሁ፣ ስሙን እንደተሸከምኩ ቀረሁ። እጠላሃለሁ ብዬ ሦስት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግሥት ወይዘሮ ኩማጋይ ቤት ሄድኩ። ያንኑ ዓይነት ጣፋጭ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳቸው። ሻይ ቀዱልኝ።

«አውቅ ነበር ልጄ» አሉኝ። «ባለቤቴ ጣውላውን ሲከራይ ‹እስከ ስንት ሰዓት ነው?› ብሎ ወንድምሽን ጠይቆታል። ‹እስኪሰለችዎት› ነው ያለው። አጠገባቸው ነበርኩ።»

«ታዲያ ስዋሽ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እሱም ተከትሎሽ የሚመጣ መስሎኝ ነዋ። ያን ቀን አንቺ ከገባሽ በኋላ በሩን እስኪመሽ አልዘጋሁትም እኮ።»

ከዚያ ካርቶኑን ከፈቱና አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራሳቸው አወጡ። ስድስት ዓመት ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት።

አምስተኛው ቦታ የእሳቸው ቤት ነው። በካያክ አይደረስም። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ደጁ ላይ የፖም ዛፍ ያለበት። ብቻህን ና፤ ጣፋጩንም ራስህ ግዛ። ሰዓቱን እንደ አባባ አድርጌ ልጻፍልህ፦ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ልባቸውም ደክሟል። እስከ መጀመሪያው በረዶ።

ይህን ሰዓት ደግሞ አታጥፋው።

እህትህ፣
ቺዙ ኦሳናይ