አሥራ አንደኛው መስኮት

ለልጄ ለዘሃራ፣

እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ከተለየሽኝ ሁለት ረመዳን አለፈ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ከዴም ሰፈር በሃፍላ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። አልጋሽን ለጎረቤት ሰጠሁት። ስሰጥ ምንም አልተሰማኝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ቤቱ ነው። እንግሊዞች ስለሠሩት፣ እኔ ስለማጸዳው ስለ በጎ አድራጎት ማኅበሩ ቀይ የጡብ ቤት። እያደሱት ነው። ከዋናው በር በላይ ያለውን፣ አንቺ ግማሽ ብርቱካን የምትይውን መስታወት አውርደው አጥበው መለሱት። ወደ ላይ እየተገፉ የሚከፈቱት መስኮቶችም ገመዳቸው ተቀየረ። አሁን ሲከፈቱ አይጮኹም።

ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ፣ ትምህርት ሲዘጋ ይዤሽ እመጣ ነበር። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆመሽ የፎቁን መስኮቶች ቆጠርሽ። አሥራ አንድ። ፎቅ ወጥተሽ ከውስጥ ቆጠርሽ፤ አሥር። በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ያለው፣ አረንጓዴ የእንጨት መዝጊያው ተከፍቶ የማያውቀው፣ ከውስጥ የለም። “እማ፣ አንድ ክፍል ጠፍቷል” አልሽኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩና፣ የአለቆች ክፍል ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ስታድጊ አሳይሻለሁ አልኩሽ። ካደግሽ በኋላም እየሳቅሽ “ቁልፉስ?” ትይኝ ነበር።

ወባው ሲጠናብሽ ግን አልሳቅሽም። “ያን ክፍል ጠረግሽው?” አልሽኝ። ጠርጌዋለሁ አልኩሽ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላወራንም።

ባለፈው ሳምንት ሠራተኞቹ መዝጊያውን ነቀሉት። ከኋላው ጡብ ነው። ከጡቡ ኋላ ደግሞ የደረጃው ግድግዳ። መሐንዲሱ እንደነገረኝ፣ ቤቱ ከፊት ሲታይ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ብለው ነው መስኮት ያስመሰሉት። ዘበኛው ዓም ኢድሪስ “ያ ሃዋ! ከሀቡቡ የአቧራ ማዕበል በኋላ በረጅም መጥረጊያ ስታራግፊ የኖርሽው ግድግዳ ነው ወላሂ!” ብሎ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ክፍል የለም፣ ልጄ። ቁልፍም አልነበረኝም። የዋሸሁሽ ይህን ነው።

የማኅበሩ ኃላፊ መዝጊያው በስብሷል፣ ይቅር፣ ግድግዳው ይለሰን አለ። መሐንዲሱ እምቢ አለ። ያ መስኮት ከሌለ ቤቱ ያነክሳል አለ። አዲስ መዝጊያ ሠርተው፣ አረንጓዴ ቀብተው ሰቀሉ። እኔ ከኒሙ ሥር፣ አንቺ በቆምሽበት ቆሜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

ከዚያ ወደ ኢድሪስ ሄድኩ። አንቺ ሳለሽ እሱም ሌሎቹም እንደ አገሩ ልማድ በአንቺ ስም ነበር የሚጠሩኝ፤ ኡም ዘሃራ፣ የዘሃራ እናት። ከቀብርሽ በኋላ እንዳይከፋኝ ብለው ተዉት። ሃዋ ሲሉኝ ሌላ ሰው የጠሩ ይመስለኛል። “በድሮው ስሜ ጥራኝ” አልኩት። “ሐዲር፣ እሺ፣ ኡም ዘሃራ” አለኝ።

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እንዲህ ብሎ ይጠራኛል። እስካለሁ ድረስ አቤት እላለሁ።

እናትሽ