ዱዓው ለየትኛው ሕመሜ ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ሰኞ ገበያ፣ ልብስ ሱቄ ውስጥ ዋልኩ። ሁለት ድሪያ ሸጥኩ። አንዷ ደንበኛዬማ አላወቀችኝም፤ "ፊርደውስ የለችም?" ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ! ሠላሳ አራት ኪሎ ቀንሼ... ምን ታድርግ? አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራዬን በኦፕራሲዮን እንዳሳነስኩ ከባሌ ከጁነይድ በቀር የሚያውቅ የለም።

የድብርት ክኒኑን ካቆምኩ ዛሬ አሥረኛ ቀኔ። ይህን ጁነይድም አያውቅ። ጠልቼው አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው። ሰሞኑን ደስ የሚለኝ ስለቀጠንኩ ነው ወይስ በክኒኑ? ድሮ የሚከፋኝ በውፍረቴ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ውፍረቱ ከሄደ ክኒኑ ምን ያደርግልኛል?

ሰኞ፣ ኅዳር 15
መልሱ መጣ መሰለኝ። ሱቅ አልከፈትኩም። አዲሱ ቀሚስ ልክክ ብሎልኝ መስታወት ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ቀጥኖም ይለቀሳል ለካ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
አማቴ አሚና ጭንቅ ይዟቸዋል። ለጁነይድ ሲያንሾካሹኩለት ሰማሁ፦ "ይቺ ልጅ አለቀች እኮ። ሐሙስ ዱዓ ላስደርግላት ነው።" በግም ተገዝቷል። ለየትኛው ሕመሜ? ቅጥነቱን በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት። ሌላውን አያውቁት...

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ቤቱ በሴቶች ሞላ። ዱዓውን የሚመሩት እትዬ ከይሪያ ወደ እኔ ዞሩ።
"ሀጃሽን ተናገሪ ልጄ። ምን ብለን እንለምንልሽ?"
ይቺን አላሰብኳትም። ይህ ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ በውሸት አሚን ሊልልኝ ነው? ከዚያ አመለጠኝ፦ "የቀጠንኩት ሆዴን በኦፕራሲዮን አሳንሼ ነው። ሕመሜ ድብርት ነው። መድኃኒት ነበረኝ፣ በራሴ አቆምኩት።"
አማቴን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።
"አብሽሪ!" አሉ እትዬ ከይሪያ። "መድኃኒቱንም የፈጠረው አላህ ነው። አሚን በሉ!"
አሚን አሉ። እኔም አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19
አማቴ ቀኑን ሙሉ ዝም። ተቀየሙኝ? ሲመሻሽ ክፍሌ ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።
"ያ መድኃኒት... ለአሮጊትም ይሰጣል?"
"ለማን ነው እማዬ?"
"እንዲያው ነው" ብለው ወጡ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22
ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ሐኪሜ ዘንድ። አማቴ "ላጅብሽ" ብለው አብረውኝ መጡ። ሐኪሙ ተቆጣኝ። በራስሽ አይቆምም፣ በድንገት ማቆም ራሱ ያሳምማል አለኝ። ከቀጠኑ በኋላም መድኃኒቱ የሚያስፈልጋቸው ብዙ ናቸው አለ። ጨጓራ ሲለወጥ ሰውነት ክኒኑን የሚወስድበት መንገድም ሊለወጥ ይችላል! ይህን ሳልጠይቅ ነው በራሴ ላይ የሞከርኩት። ዛሬ ግን በጥያቄ አደከምኩት።

ስነሳ አማቴ አልተነሱም። "እኔም አለኝ" አሉ። "ባሌ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።"
"ስንት ጊዜ ሆነ?"
"ሰባት ዓመት።"
ሰባት ዓመት! የምንተኛው ግድግዳ ለግድግዳ ነው። አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። ሐኪሙ እንድወጣላቸው በዓይኑ ጠቀሰኝ። ብድግ ስል አማቴ እጄን ያዙ።
"ቁጭ በይ" አሉኝ። "አንቺም የተናገርሽው ሰው ፊት ነው።"