ከቆርቆሮው ማዶ

እሑድ

አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት። ግን አፌ መች ያርፋል። የወረዳው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ የሽሮ ሜዳ ሰው ሁሉ ስለ ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያው ሊከራከር መጥቷል። የሚቆፈረው እኛው መንገድ ላይ፣ ከሱቄ ደጃፍ ነው። ይሠራ አይሠራ ገና አልተወሰነም፤ መጀመሪያ አፈሩ ይመረመራል አሉ። አንዱ ሸማኔ ተነስቶ «እኛ ዕድሜ ልካችንን እግራችንን ጉድጓድ ከተን ነው የምንሠራው፤ በጉድጓድ አታስፈራሩን» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ እኔ ተነሳሁ። መንገዱ ለዓመታት ከታጠረ አቧራ እየቃመ ነጠላ የሚገዛ የለም፣ ባቡሩ ይቅርብን አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ወዲያው ከድጃ ተነሳች። ከድጃ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ስኳርና ሳሙና የምትሸጥ የልብ ጓደኛዬ ናት። «ልጄ ከሥራ ወጥታ የሚመሽባት ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው» አለች። «እኔ በር በሩን ሳይ አመሻለሁ። አስካለ ምን አለባት? አምሽቶ የሚገባ ሰው የላትም።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ

ከድጃ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ከማዶ ሆና «አስኩ! ነጋልሽ?» ትለኛለች። እኔም «ነጋልኝ!» እላለሁ። ሌላ የሚጠይቀኝ የለም፤ ባሌ ካረፈ ቆየ፣ ልጅም እግዜር አልሰጠኝም። ከሱቁ ጓዳ ብቻዬን ነው የማድረው።

ዛሬ ስትከፍት ጀርባዬን ሰጥቼ ጋቢ አጠፍኩ። የታጠፈውን ፈትቼ መልሼ አጠፍኩት። አልጠራችኝም። ብትጠራኝም አልመልስላትም ነበር፤ ግን ልትጠራኝ ይገባ ነበር።

ራት አልበላ አለኝ። ውሸት ተናግራ ቢሆን እኮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

ማክሰኞ

የቆርቆሮ አጥር መጣ። ለአፈር ምርመራው ነው አሉ። ጠዋት ከመኪና አራገፉት፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ መሐል ለመሐል ለሁለት ተከፍሎ አለቀ። ከሰው ቁመት በላይ ነው። ከድጃ ሚዛኗን ስትወለውል እያየኋት ነበር። ቀና ያለች መሰለኝ። ከዚያ ቆርቆሮው ጋረዳት።

ወደ ማዶ ለመሻገር እስከ ታክሲ ተራው ወርዶ መዞር ሊኖር ነው። ጉልበቴ ለዚያ አይሆንም። ደግሞስ ማን ጋ ልሄድ።

ረቡዕ

የመጡ ገዢዎች፦ አንዲት ሙሽራና እናቷ። ጥለቱን ወደዱት፣ አቧራው አስነጠሳቸው፣ ሄዱ። የመቆፈሪያው ሞተር ሲነሳ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ነጩ ነጠላ ሁሉ አፈር መስሏል። ያልኩት አንድ በአንድ ደረሰ። «አላልኩም ነበር?» የምለው ሰው ግን አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ማዶ የከድጃን ሳቅ ሰማሁ። ምን እንደምትል ለመስማት ወደ ቆርቆሮው ጠጋ አልኩ። ያ ሸማኔ አይቶኝ «እትዬ አስካለ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። «መርፌ» አልኩት። እሱ የዋህ፣ አብሮኝ ሊፈልግ ጎንበስ አለ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሐሙስ

ዝናብ። ጭቃ። ገዢ የለም። «ነጋልሽ?» የሚልም የለም፤ መንጋቱን ግን ነጋ።

አርብ

አዛን ሲሰማ ነው አርብነቱ ትዝ ያለኝ። ከድጃ አርብ አርብ ጁምዓ ስትሄድ ሱቋን አትዘጋም፤ እኔ እጠብቅላታለሁ። እኔም ለማርያም ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ስወጣ የኔን እሷ ትጠብቃለች። ተኳርፈን እንኳ ይሄን አጓድለን አናውቅም። ታዲያ ዛሬ ማን አለላት?

ትዝጋዋ፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። አልኩና ሱቄን ቆልፌ ወረድኩ። በዚያ ጭቃ እስከ ታክሲ ተራው፣ ከዚያ ዞሬ ሽቅብ። ጉልበቴን እየረገምኩ ደረስኩ።

ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው የለበትም። ሁልጊዜ የምቀመጥባት በርጩማ ተወልውላ ደጃፉ ላይ ወጥታለች። አጥሩን እያየች፣ መኳረፋችንን እያወቀች፣ ክፍቱን ትታው ሄዳለች። ተቀምጬ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ሳሙና ሸጥኩ።

ከድጃ ስትመለስ አልደነገጠችም። አጠገቤ ካርቶን ስባ ተቀመጠች።

«አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አለች።

«እውነትሽን እኮ ነው። የለኝም።»

ተቆጣች። «ልጄን ሐያትን ማን አዝሎ አሳደጋት? ዛሬም ማምሸቷ ነው፤ አብረሽኝ ጠብቂ!»

እስኪመሽ ጠበቅናት። ከድጃ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ መንገዱን። ጥላ ባየሁ ቁጥር ከበርጩማው እነሳለሁ፤ ልጅን መጠበቅ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሐያት ብቅ ስትል ከእናቷ ቀድሜ «እስካሁን የት ነበርሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ኧረ እትዬ አስካለ፣ ታክሲ ጠፍቶ ነው!» ብላ ሳመችኝ። ጉንጯ ቀዝቅዟል። ደክሟታል።

እሑድ ሌላ ስብሰባ አለ። ምን እንደምናገር እንጃ። ገዢ ማጣቴም እውነት ነው፣ የልጅቷ ሰልፍም እውነት ነው። ለማንኛውም ከከድጃ ጎን ነው የምቀመጠው።

ዞሬ ቤቴ መጣሁ። ደጃፍ ላይ የጫማዬን ጭቃ ሳራግፍ ቆርቆሮው ከማዶ ተደበደበ።

«አስኩ! ገባሽ?»

ባሌ ካረፈ ወዲህ ገባሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጫማዬን እንደያዝኩ ወደ ቆርቆሮው ተጠጋሁ።

«አስኩ!»

«ገባሁ!» አልኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። «ገብቻለሁ!»